ሞተር እየሠራ ባትሪ አይነቀልም

በአገራችን አዲስ ነገር የሚጠላ ሰው አላጋጠመኝም። አዲስ ፎቅ ሲሠራ ሁሉም አንጋጦ ያደንቃል፤ አዲስ መንገድ ሲከፈት ያጨበጭባል። እጁ የለመደውን አሠራር ተው ሲሉት ግን ፊቱ ይለዋወጣል፤ አልፎ ተርፎም ለጠብ ይነሣል። እኔ ይህን ጠባይ አልወደውም፤ አለመውደዴንም ለማንም ደብቄ አላውቅም። አሁን የማወራውም በዚሁ ጠባይ ምክንያት አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ መኪናቸውን ሊያጡ ስለነበረበት ቅዳሜ ነው።

ጊዜው የአያት ባቡር መስመር የሚቆፈርበት፣ ከሰሚት መገናኛ ለመድረስ ሰው ግማሽ ቀኑን ከአቧራ ጋር የሚያሳልፍበት ዘመን ነበር። በዚያ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት አረንጓዴ የድሮ ላንድክሩዘር አጠገቤ ቆመች። ነጂው ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። ጋሽ መኩሪያ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የመስክ ሾፌር ሆነው የሠሩ፣ ጡረታ ሲወጡም ይነዷት የነበረችውን መኪና በጨረታ ገዝተው ይዘዋት የወጡ ሰው ናቸው።

«ግባ መምህር። እስከ ላምበረት ላድርስህ፤ ከዚያ ወዲያ የእግዜር ነው» አሉኝ።

ገባሁ። እንደ ሌላው ጊዜ ግን አይጫወቱም፤ ዓይናቸው ከመንገዱ ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ባትሪው እየሞላ ወይስ እየጎደለ መሆኑን የምትናገር ትንሽ የአምፔር ጌጅ አለች። መርፌዋ አንዴ ወደ መሙያው፣ አንዴ ወደ መጉደያው እየተወረወረች አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል።

«አየሃት? ዛሬም ትጨፍራለች» አሉ። «የመጨረሻ ቀኗ ነው። ልጄ ቢሩክ ላምበረት ረታ ጋራዥ ገዢ ይዞ ይጠብቀኛል። መርፌዋ ቆማ ከመጣች ትተርፋለች፤ እየተንቀጠቀጠች ከመጣች ትሸጣለች። እንዲህ ተባብለናል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ቢሩክ ምን አስጨነቀው ጋሼ?»

«መንገድ ላይ ትቆምብሃለች ይላል። ቆማብኛለች፤ አልዋሽም። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ዲናሞ ተቃጥሎብኛል። እሱ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ሽጠህ ቤት ቁጭ በል፣ የልጅ ልጆች ጠብቅ ነው ነገሩ። መምህር፣ እኔ ይህችን መኪና የሰጠሁ ቀን ሰው መሆኔ ያበቃል። ለለቅሶ ማን ያደርሰኛል? ለእድር ዕቃ ማን ይጭናል? ከዚያች ፎቅ ላይ መንገዱን ቁልቁል እያየሁ ልሙት?»

ድምፃቸው ተሰበረ። አዘንኩላቸው።

ሲኤምሲ መንገድ ላይ ቁፋሮው ጋ ስንደርስ መርፌዋ ጭራሽ አበደች። ጋሽ መኩሪያ ከመንገድ ወጡና ቆሙ። ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ከመቀመጫ ሥር መፍቻ አወጡ። «ዲናሞውን ልፈትነው» አሉኝና የባትሪውን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

ይህን ልማድ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። ዲናሞ ማለት ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው። የድሮ ሾፌሮቻችን ዲናሞ የሚፈትኑት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በመንቀል ነው። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይባላል፤ ከጠፋ ሞቷል ይባላል። ፍርዱ ፈጣን ነው፤ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቆሞ የሚያየውንም ሰው ያስደንቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እንደምን አደሩ። ሞተሩ እየሠራ ምን ሊፈቱ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማን።

ዞር ስንል ጋዲሴ ናት። ጋዲሴ የሰፈራችን ነባር ገበሬ የነበሩት፣ የጋሽ መኩሪያም የእድር ጓደኛ የሆኑት የአቶ ዋቅቶላ ልጅ ናት። በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ ቦሌ ውስጥ አንድ ጋራዥ ትሠራለች። የዕቃ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ታክሲ ስትጠብቅ ነው ያየችን።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዲናሞውን ልፈትን ነው ልጄ። ራቅ በይ፣ ዘይት እንዳይነካሽ።»

«ዘይትስ ለምዶኛል። ባትሪውን ሊነቅሉት ከሆነ ግን አይሆንም።»

ጋሽ መኩሪያ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«አይሆንም አልኩ፤ በአክብሮት ነው ያልኩት» አለችና የግራ መዳፏን ባትሪው ላይ፣ ልክ ገመዱ የታሰረበት ቦታ ላይ ጫነች።

በሰባ ዓመታቸው እንዲህ የደፈራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። መፍቻውን እንደያዙ መዳፏን ትክ ብለው አዩት።

«እጅሽን አንሺ።»

«አላነሣም ጋሼ።»

«አንቺ ሳትወለጂ በፊት፣ ጋራዥ በሌለበት፣ ሰው በሌለበት፣ ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ በዚህች ዘዴ መኪና አሻግሬያለሁ። አለቆቼን በሰላም አግብቻለሁ። ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

«ያኔ በሠሩት ሥራ አልከራከርዎትም። ያኔ መኪናው ላይ የነበረው ዲናሞ ሌላ ነው። ይህ ሆዱ ውስጥ ዳዮድ የሚባሉ ስስ ነገሮች አሉት። ባትሪው ከተነቀለ የሚያመነጨው ኃይል የሚያርፍበት ያጣል፤ በቅጽበት ያሻቅብና እነሱን ያቃጥላል። ሰፈራችን ውኃ የምንገፋበትን ፓምፕ ያውቁት የለ? ውኃ እየገፋ ሳለ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቧንቧ ድርግም አድርገው ቢዘጉት ምን ይሆናል?»

«ቧንቧው ይፈነዳል።»

«ባትሪው ሮቶው ነው።»

«እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ታዲያ ስነቅለው ሞተሩ ለምን አይጠፋም? በዓይኔ ያየሁትን ልካድ?»

«አይጠፋም። ናፍጣ መኪና አንዴ ከተነሣ ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ አለመጥፋቱ ስለ ዲናሞው ምንም አይነግርዎትም። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። በዚህ ዓመት ሁለት ዲናሞ እንደተቃጠለብዎት አባቴ ነግሮኛል፤ የተቃጠሉት እርስዎ ከመፈተንዎ በፊት ነው ወይስ ከፈተኑ በኋላ?»

ጋሽ መኩሪያ መፍቻውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። መልሱን እንዳገኙት አወቅሁ፤ ሰው ግን መልሱን ባገኘበት ሰዓት ነው ይበልጥ የሚቆጣው።

«ዋቅቶላ ልጁን ያስተማረው ሽማግሌ እንድታዋርድ ነው?»

የጋዲሴ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። «ጋሼ፣ ይህ አሁን የቆምንበት አካባቢ አባቴ ጤፍ ያጨደበት ነው። መሬቱ ለከተማው ሲወሰድ ሌላው ሰው አለቀሰ፤ አባቴ እኔን ትምህርት ቤት ላከኝ። እጅሽ የሚያውቀውን ማንም ለክቶ አይወስድብሽም አለኝ። የአያቴ አስተራረስ ጥሩ አስተራረስ ነበር። ግን እዚህ አስፋልት ላይ በሬ ጠምዶ ቢመጣ እርስዎ ራስዎ ተው ይሉት ነበር። ላዋርድዎት አይደለም የቆምኩት። መኪናዎን እንዳይገድሏት ነው።»

እኔም ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ልጅቷ ትሞክር። የእርስዎን ዘዴ ሁለት ጊዜ አይተነዋል» አልኳቸው።

«አንተም ከሷ ጋር ሆንክ መምህር?»

«ሆንኩ ጋሼ። መኪናዋን እንዲያጧት ስለማልፈልግ ከሷ ጋር ሆንኩ።»

አንድ ገልባጭ መኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ። በመጨረሻ መፍቻውን ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ወረወሩት። «ሞክሪ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትጨፍረውን መርፌ ካላቆምሻት ግን እነቅለዋለሁ።»

«ካላቆምኳት ማሩኝ እላለሁ። ባትሪውን ግን ያኔም አላስነቅልዎትም» አለችና እጇን አነሣች።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረገችውን በዝርዝር የምጽፈው አንባቢ መካኒክ እንዲሆን ብዬ አይደለም። የተማረ ሰውና ያልተማረ ሰው ችግር ፊት ሲቆሙ የሚለያዩበትን ቦታ ስላየሁበት ነው። ጋዲሴ ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት ጠየቀች።

«መርፌዋ መንቀጥቀጥ የጀመረችው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ለፋሲካ መኪናዋ ምን ተሠራላት?»

«ምንም። ቀለም ብቻ ነው ያስቀባኋት። ቢሩክ አሮጌ አሮጌ ሲላት ጊዜ ቆዳዋን ላድስላት ብዬ፤ ከውስጥ እስከ ውጭ፣ ኮፈኑ ሥር ሳይቀር።»

ልጅቷ ጥቂት ፈገግ አለች። ሞተሩን አጥፍታ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጠበቅ ያለ ነው። የባትሪውን ገመዶች አየች፤ ንጹሕና የጠበቁ ናቸው። ከዲናሞው ጀርባ የሚሰኩትን ሽቦዎች ነካ ነካ አደረገች፤ አልላሉም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታ ከቦርሳዋ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለካ ቴስተር አወጣችና ሁለቱን ጫፎች ባትሪው ላይ አሳረፈች።

«ይምጡ፣ ይዩ ጋሼ። ቁጥሩ ከመርፌዋ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ጌጇ ብቻ ብትሆን የተበላሸችው ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አሥራ አራት ቮልት አካባቢ ይቆም ነበር። ስለዚህ መርፌዋ እውነቷን ነው። ዲናሞው አንዴ ብዙ፣ አንዴ ትንሽ እየሰጠ ነው። መጠኑን የሚቆጣጠርለት ማን ነው?»

«ሬጉላተሩ ነዋ» አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ ሳያስቡት ጠጋ ብለው ነበር።

ሬጉላተሩ ፓራፋንጎው ላይ በብሎን የታሰረ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። ጋዲሴ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሣጥኑ አካል ላይ አደረገች። «እዚህ ዜሮ መሆን አለበት። ሁለቱ በመኪናዋ ብረት በኩል የተገናኙ ናቸው ተብሎ ይታሰባላ። ግን ያዩታል፤ ዜሮ አይደለም።» ከዚያ አንድ አጭር ሽቦ አወጣችና ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። «አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ ይያዙልኝ፣ ሌላውን ሣጥኑን ያስነኩት። እኔ አልነካም። እርስዎ ራስዎ ያድርጉት። መምህር፣ አንተ መርፌዋን እይ።»

ገብቼ መርፌዋ ላይ አፈጠጥኩ። ጋሽ መኩሪያ ሽቦውን አስነኩት። መርፌዋ ቀጥ አለች።

«ቆመች!» አልኩ።

ሽቦውን አነሡት፤ ተንቀጠቀጠች። አስነኩት፤ ቆመች። ደጋግመው አደረጉት። አላመኑኝም መሰለኝ ኋላ ላይ ሽቦውን ለኔ ሰጥተው ራሳቸው ገብተው አዩ። ተመልሰው ሲወጡ ቁጣቸው የት እንደገባ አላውቅም።

ጋዲሴ ሞተሩን አጥፍታ ሬጉላተሩን ፈታችው። ከሥሩ ያ የፋሲካው አረንጓዴ ቀለም ያብረቀርቃል፤ ብሎኖቹም በቀለም ተሸፍነዋል። ቀቢው ሣጥኑን አውልቆ፣ ሁሉንም አሳምሮ ቀብቶ፣ ቀለሙ ላይ መልሶ አስሮታል። ኤሌክትሪክ ደግሞ በቀለም ውስጥ አያልፍም። ሬጉላተሩ ከመኪናዋ ብረት ተለይቶ፣ በሄድንበት ጉድጓድ ሁሉ አንዴ እየነካ አንዴ እየለቀቀ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

«ቀለም?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ቀለም ነው ጋሼ።» በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ድረስ ፈገፈገችው፤ ብሎኖቹንም እንዲሁ። መልሳ አሰረችው፤ ሞተሩን አስነሣች። መርፌዋ ወደ መሙያው ትንሽ ዘንበል ብላ ቆመች።

ሽማግሌው ኮፈኑን ተደገፉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ነበር። «እንድታምር ብዬ አሳመምኳት። ከዚያ ደግሞ ልፈትሽ ብዬ ሁለት ዲናሞ ገደልኩባት። ሬጉላተሩን አንድ ቀን እንኳ ፈትቼ አላየሁትም፤ ባትሪ መንቀል እያለ ለምን ብዬ» አሉ።

«ሦስተኛውን አልገደሉትም» አለች ጋዲሴ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ግን ጋዲሴን በግድ አስገብተው ላምበረት ድረስ አብራን እንድትሄድ አደረጓት። ረታ ጋራዥ የአውቶቡስ ተራው ጀርባ ነው። ቢሩክ ገዢውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ባለ ጋራዡ ረታ ዱሮ በመሥሪያ ቤቱ ረዳት ሳለ ሙያውን ከጋሽ መኩሪያ የተማረ ሰው ነው፤ በአባትነት ያያቸዋል። ጉልበት ስሞ ከተቀበላቸው በኋላ ለገዢው መኪናዋን ሊመረምር ኮፈኑን ከፈተ።

ሞተሩ እየሠራ ነው። ረታ መፍቻ ከኪሱ አወጣና ወደ ባትሪው ዘረጋ።

ጋዲሴ ልትናገር አፏን ስትከፍት የጋሽ መኩሪያ መዳፍ ቀድሞ ባትሪው ላይ አረፈ።

«አይሆንም» አሉ።

ረታ ሳቀ፤ የሚቀልዱ መስሎታል። «ዲናሞውን ልፈትነው ነው ጋሼ።»

«በዚህ አይፈተንም። መኪናዬን ትገድልብኛለህ።»

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይህንን እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጋራዡ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ወደኛ ዞረ። ሽማግሌው በዚያች ሰዓት ብዙ መውጫ ነበራቸው፤ «መኪናዬ ነች፣ አትንካ» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። የጋዲሴን ስም ሳያነሡ የራሳቸው ዕውቀት ሊያስመስሉትም ይችሉ ነበር። ከማከብራቸው በላይ ያከበርኳቸው ያኔ ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ» አሉ ጮክ ብለው። «የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ይህቺ የዋቅቶላ ልጅ አሳይታኛለች። እጄን ይዛ ነው ያሳየችኝ፤ ተቆጥቻት ነበር። አሁን አንተንም ታሳይሃለች። ቆመህ ትሰማታለህ።»

ጋዲሴ ቴስተሯን አወጣች። ረታ መጀመሪያ በጎን በጎን ነበር የሚያያት፤ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ተጠጋ፤ ያቺን መሣሪያ የት ገዛሽው ብሎም ጠየቃት። ቢሩክ በበኩሉ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መርፌዋን ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወርዶ ገዢውን ይቅርታ ጠየቀና አሰናበተው።

«አባዬ፣ ቃል ቃል ነው። ቆማለች፤ መኪናህ ናት» አለ። ቀጥሎም፣ «አንተ ተሳስቻለሁ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረበትም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ሰምተህ ስለ አሮጌ መኪና ነው ብለህ ብታልፈው ቅር ይለኛል። ሽማግሌው ልማዳቸውን በመጣላቸው ያጡትን ቁጠርልኝ። ምንም አላጡም። መኪናቸው ተረፈችላቸው፤ ለለቅሶም ለእድርም ራሳቸው ነድተው ይሄዳሉ። ልጃቸው አከበራቸው። ጋራዡ ሳይለካ መንቀልን ትቶ ለክቶ መፍታትን ተማረ፤ ያም ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ በረከት ነው። ጋዲሴም ከዚያ በኋላ ሴት ናት፣ ልጅ ናት የሚላት በሰፈሩ ጠፋ። ለመጠየቅ የዘገየ ሰው ደግሞ በየጊዜው ዲናሞ እየቀየረ ይኖራል፤ እኔ አላዝንለትም።

ያን ቀን ከጋራዡ ልንሄድ ስንል ረታ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መስኮቱ ጋ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በየሰው መኪና ላይ ያቃጠልኩትስ?»

ጋሽ መኩሪያ ማርሽ ሊያስገቡ የዘረጉትን እጅ መለሱ።

«እስከ ዛሬ ያቃጠልከውን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤ በኔ ላይ ይሁን» አሉት። «ከዛሬ በኋላ የሚቃጠለው ግን ያንተ ነው።»